ጆሮ የሚያልፋቸው ትንንሽ ቃላት፦ ቻይናውያን ተማሪዎችና የእንግሊዝኛ የሳሱ ድምፆች

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የቋንቋ ተማሪዎች፣ በዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ጉዳያችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? አዘጋጆቹ እንድናገር ስለጋበዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ እንግሊዝኛ ታስተምራላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ከቻይናውያን ባልደረቦች ጋር በእንግሊዝኛ እየተግባባችሁ እንደምትሠሩ ከስብሰባው በፊት ነግራችሁኛል። እኔ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን የተከታተልኩት በሰሜን ቻይና፣ በቲያንጂን ከተማ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ቻይናውያን ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠና ነበር። ዛሬ የማካፍላችሁ እዚያ ያየሁትንና በኋላ በንባብ ያጠራሁትን ነው።

ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ። በመጀመሪያ ቻይናዊው ተማሪ እንግሊዝኛ ሲነገር ምን እንደሚሰማ፣ ቀጥሎ ለምን እንደዚያ እንደሚሰማ፣ በመጨረሻም አንደበቱ ምን እንደሚያደርግና እኛ ከየት ብንጀምር እንደሚሻል። በሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ መፍትሔው ያለው እዚያው ምክንያቱ ውስጥ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

አስቀድሜ ግን ስለ ራሳችን ፊደል አንድ ነገር ልበል፤ ለዛሬው ጉዳይ እጅግ የተመቸ ፊደል ነውና። በእንግሊዝኛ «ወደ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ለብቻው ሲጠራ «ቱ» ነው፤ በዓረፍተ ነገር መካከል ሲያልፍ ግን «ተ» ይሆናል። «ለ» የሚል ትርጉም ያለው ለብቻው «ፎር»፣ በንግግር መካከል «ፈር» ነው። «ኦቭ» የነበረው «ኧቭ» ይሆናል፣ አንዳንዴም «ኧ» ብቻ ይቀራል። «እና» የሚል ትርጉም ያለው አያያዥ ለብቻው «አንድ»፣ በንግግር መካከል «ኧን» ይሆናል። «ካን» የሚለው የመቻል ግሥ ደግሞ «ክን» ይሆናል። ካዕቡ፣ ራብዑና ሳብዑ ሁሉ ወደ ግዕዝና ወደ ሳድስ ሲወርድ ይታያችኋል? እንግሊዝኛ እንደዚህ ሁለት መልክ ያላቸው 40 ያህል ቃላት አሉት፤ አንዱን ሙሉ መልክ፣ ሌላውን የሳሳ መልክ እለዋለሁ። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የሰው ንግግር ያለ እነርሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሄድም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። ማስጠናት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ስምንት ተማሪዎችን በአንዲት ጠባብ ክፍል ሰብስቤ ቃል ጽሕፈት ሰጠኋቸው። ያነበብኩላቸው ዓረፍተ ነገር ትርጉሙ «ቢሮው ውስጥ ትታላቸው ሄዳ መሆን አለበት» የሚል ነው፤ በእንግሊዝኛ 10 ቃላት አሉት፣ በተለመደው ፍጥነት ሲነገርም እንዲህ ይሰማል፦ «ሺ መስተቭ ሌፍቲት ፈዘም ኧት ዚ ኦፊስ»። ከተማሪዎቹ መካከል የቃላት መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር የሸመደደች፣ ሰዋስው ስትጠየቅ የማትሳሳት አንዲት ልጅ ነበረች። ወረቀቷን ሳየው ከ10ሩ ቃላት 4ቱን ብቻ ጽፋለች፦ «ሺ መስት ሌፍት ኦፊስ»። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት «ከቢሮ መውጣት አለባት ማለት ነው» አለችኝ።

እስቲ ልብ በሉ! የተተወው ዕቃ ጠፋ፤ ዕቃው የተተወላቸው ሰዎች ጠፉ፤ ያለፈው ነገር ገና የሚመጣ ሆነ። የቀሩት ሴትዮዋና ቢሮው ብቻ ናቸው። ከጠፉት ስድስት ቃላት ውስጥ ልጅቷ የማታውቀው አንድ እንኳ የለም፤ ሁሉንም ገና በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ዓመቷ ተምራቸዋለች። «መምህር፣ በጣም ይፈጥናሉ» አለችኝ። እኔም ዓረፍተ ነገሩን ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል እየለያየሁ አነበብኩላት፤ ሁሉንም በትክክል ጻፈች። ብዙ አስተማሪ እዚህ ላይ ይረካል፤ እኔም ያን ዕለት ረክቼ ወጣሁ። ነገሩን ያስተዋልኩት ማታ ነው። ቀስ ብዬ ሳነብ «ፈር» የነበረውን «ፎር»፣ «ኧት» የነበረውን «አት» አድርጌ ነው የሰጠኋት። ያልሰማችውን ቃል አላሰማኋትም፤ የምታውቀውን ሌላ መልኩን አቀበልኳት እንጂ።

ይህ የአንዲት ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጆን ፊልድ የተባሉት የማዳመጥ ትምህርት ተመራማሪ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የተለያየ አፍ መፍቻ ቋንቋ ያላቸው ተማሪዎች የሚያዳምጡት ንግግር በድንገት ሲቆም የመጨረሻዎቹን ቃላት እንዲጽፉ አድርገው ነበር፤ ተማሪዎቹም ይዘት ያላቸውን ቃላት ሲይዙ ትንንሾቹን አገናኝ ቃላት በእጅጉ እየጣሉ ተገኝተዋል። እንግዲህ ችግሩ የብዙ ሕዝብ ነው። ነገር ግን በቻይናውያን ዘንድ የራሱ ሥር አለው፤ ሥሩን ሳያውቁ ቅጠሉን መቁረጥ ድካም ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ። ለምን እንደዚህ ይሰማሉ?

በግጥም ትምህርት «ቀለም» የምንለውን የድምፅ ክፍል አስታውሱ። በቻይንኛ እያንዳንዱ ቀለም በአንድ ምልክት ይጻፋል፣ እያንዳንዱ ምልክት እኩል መጠን ባላት አራት ማዕዘን ውስጥ ይቀመጣል፣ በቃልና በቃል መካከልም ክፍት ቦታ የለም። እያንዳንዱ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ትርጉምና የራሱ ዜማ አለው፤ በማንዳሪን፣ ማለትም በቻይና መደበኛ ቋንቋ፣ ዜማዎቹ አራት ናቸው፦ ከፍ ብሎ የሚዘልቅ፣ የሚወጣ፣ ዝቅ ብሎ የሚመለስና የሚወድቅ። ዜማው ከተነካ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ስለዚህ የቻይናዊ ሕፃን ጆሮ ከእናቱ ጉያ ጀምሮ የሚማረው አንድ ትልቅ ትምህርት አለ፦ እያንዳንዱ ቀለም ይከበራል፣ እያንዳንዱ ቀለም አንድ ነገር ይናገራል። እንዲህ ለሠለጠነ ጆሮ «ፈዘም» የሚለው ምኑ ነው? ዜማው የማይጨበጥ፣ አናባቢው የደበዘዘ፣ ትርጉም የማይመስል ድምፅ ነው፤ ጆሮው እንደ ትንፋሽ ቆጥሮት ያልፋል።

ቻይንኛ የውጭ ቃል ሲቀበል የሚያደርገውን ብታዩ ነገሩ ይገለጥላችኋል። ማክዶናልድስ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ጫናው፣ ማለትም የድምፁ ጉልበት፣ ሁሉ ያረፈው መካከሉ ላይ ነው፤ ግራና ቀኙ የሳሳ ነው። ቻይናውያን ግን «ማይ ዳንግ ላኦ» ብለው ሦስት ሙሉ ቀለም፣ ሦስት ሙሉ ዜማ ሰጥተውታል። ጀማሪ ተማሪዎችም የእንግሊዝኛውን «ታንክ ዩ» በቻይንኛ ምልክት ደብተራቸው ላይ «ሳን ከ ዩ» ብለው ይጽፉታል፤ የምልክቶቹ ትርጉም «ሦስት ግራም ዘይት» ነው። በደብተር ዳር እንደዚህ የተጻፈ ነገር ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ምልክቱ ድምፁን ብቻ አይዝም፣ ለእያንዳንዱ ቀለም እኩል ክብደት ሰጥቶ ያጸናዋል።

ይህ እኩልነት ተለክቷል። ኤስተር ግራበና ኢ ሊንግ ሎው የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2002 ባቀረቡት ሥራ በጎን ለጎን ያሉ አናባቢዎች ርዝመት እርስ በርሱ ምን ያህል እንደሚለያይ በስሌት አሳይተዋል፤ በዚህ የልዩነት መለኪያ የብሪታንያ እንግሊዝኛ 57 ገደማ ሲያገኝ ማንዳሪን ያገኘው 27 ገደማ ነው። ከየቋንቋው የተለካው የአንድ ሰው ንባብ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ፍርድ አልወስደውም፤ ልዩነቱ ግን ማንም ጆሮ ያለው ሰው የሚሰማው ነው። እንግሊዝኛ አንዱን አርዝሞ ሌላውን ይጨፈልቃል፤ ማንዳሪን ለሁሉም ተቀራራቢ ድርሻ ይሰጣል።

እንግሊዛዊው አድማጭ ታዲያ የተጨፈለቀውን እንዴት ያገኘዋል? አን ከትለር የተባሉት ታላቅ የቋንቋ ሥነ ልቦና ሊቅ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩት በዚህ ጥያቄ ላይ ነበር። እርሳቸውና ባልደረባቸው በ1987 እንዳሳዩት፣ በእንግሊዝኛ ንግግር ውስጥ ይዘት ካላቸው ቃላት 90 በመቶ ያህሉ የሚጀምሩት በጠንካራ ቀለም፣ ማለትም አናባቢው ሙሉ በሆነ ቀለም ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊ ጆሮ ጠንካራ ቀለም በሰማ ቁጥር «አዲስ ቃል ጀመረ» ብሎ ይቆርጣል፤ በሁለት ጠንካራ ቀለሞች መካከል የሚሰማውን የሳሳ ድምፅ ደግሞ አገናኝ ቃል ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ይጠብቃል። መጠበቁን ልብ በሉልኝ። የጠበቁት ነገር በሹክሹክታም ይሰማል፤ ያልጠበቁት ግን ተጮኾም ያልፋል። ቻይናዊው ተማሪ ደግሞ የሚጠብቅበት ሌላም ምክንያት የለውም፦ ቋንቋው ስምን እሙርና ኢ-እሙር፣ ማለትም የታወቀና ያልታወቀ፣ የሚያደርጉትን የእንግሊዝኛ ትንንሽ ቃላት የመሰለ ነገር የለውም፣ ግሡም ለጊዜ ብሎ መልኩን አይለውጥም። በገዛ ሰዋስውህ ውስጥ ወንበር የሌለውን እንግዳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲገባ እንዴት ታየዋለህ?

እስካሁን የተናገርኩት ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል። ግን አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ያለው። ቻይናውያን የሳሳ ድምፅ በቤታቸው አላቸው! ስሙ «ቺንግሸንግ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ቀላል ድምፅ» እንደማለት ነው። ከአራቱ ዜማዎች ውጪ የሆነ፣ አጭር፣ የራሱ ዜማ የሌለውና ከፍታውን ከፊቱ ካለው ቀለም የሚቀበል ድምፅ ነው። ቻይናዊ ልጅ «ማማ» ብሎ እናቱን ሲጠራ ሁለተኛው «ማ» ቀላል ድምፅ ነው። «ዶንግ ሺ» ሁለቱም ሙሉ ሆነው ሲነገሩ «ምሥራቅና ምዕራብ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሲሳሳ ግን «ዕቃ» ማለት ይሆናል። ምሥራቅና ምዕራብን ዕቃ ያደረገው የሁለተኛው ቀለም መሳሳት ብቻ ነው። ይህን የቀላል ድምፅ ጠባይ አጥርተው ከገለጹት ሊቃውንት ዋነኛው ጃኦ ዩዋንረን ናቸው፤ በ1892 የተወለዱት እዚያው ቲያንጂን ነው፤ ፈላስፋው በርትራንድ ራስል በ1920 ቻይናን ሲጎበኙም ንግግራቸውን ያስተረጎሙት እኚሁ ሰው ነበሩ።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ያለቀ ነገርን የሚያመለክተው የቻይንኛ ቅንጣት «ለ» የሚጻፈው፣ ሙሉ ሆኖ ሲነበብ «ሊያኦ» በሚባለውና «መጨረስ» የሚል ትርጉም ባለው ምልክት ነው። ሙሉ ግሥ የነበረው በአገልግሎት ብዛት ሳስቶ «ለ» ሆነ። እንግሊዝኛስ? ዛሬ «ኧ» ተብሎ የሚያልፈው ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ «አን»፣ ማለትም «አንድ» የሚል ሙሉ ቁጥር ነበር። «ኦፍ» እና «ኦቭ» የሚባሉት ሁለቱ ቃላትም ጥንት አንድ ቃል ነበሩ፤ ጫና ያረፈበት «ኦፍ» ሆኖ፣ የሳሳው «ኦቭ» ሆኖ ተለያዩ። በሁለቱም ቋንቋ የተፈጸመው አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። ታዲያ ይህን ለተማሪው ነግረነው እናውቃለን?

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከምኖርበት ሕንፃ በር ላይ ጠዋት ጠዋት አንዲት እናት በተሽከርካሪ ጋሪ ላይ የቲያንጂንን ቁርስ ይሸጡ ነበር። በክብ ምጣድ ላይ የማሾ ሊጥ ስስ አድርገው ያሰፋሉ፣ እንቁላል ይሰብሩበታል፣ ሽንኩርት ይበትኑበታል፣ በዘይት የተጠበሰ ረጅም ሊጥ በመካከሉ አድርገው ይጠቀልሉታል። ስሙ «ጂየንቢንግ ጉኦዝ» ነው። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሁሉ ሲያዙ አዳምጣለሁ፦ «ጂየን» ጠንከር፣ «ቢንግ» ሳሳ፤ «ጉኦ» ጠንከር፣ «ዝ» ሳሳ። አንድ ቀን ጠዋት ከዚያች ጎበዝ ተማሪዬ ጋር ተገናኘንና አብረን ተሰለፍን። ትናንት ማታ «አንድ ስኒ ቡና» የሚለውን በእንግሊዝኛ ስታጠና «ካፑ ኦፉ ኮ ፊ» እያለች ስድስቱንም ቀለም እኩል ስትረግጥ ነበር። «እስቲ የምታዢውን ንገሪኝ» አልኳት። «ጂየንቢንግ ጉኦዝ» አለች። «በዚሁ ምት ቡናውን በእንግሊዝኛ እዘዢ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ በጣቷ የጋሪውን ጠርዝ እየመታች «ከፐቭ ኮፊ» አለች። ጠንከር፣ ሳሳ፣ ጠንከር፣ ሳሳ! ሴትዮዋ ምጣዳቸውን ትተው ቀና ብለው አዩን። ለዓመታት ሊወጣ ያልቻለው የሳሳ ድምፅ በአንድ ደቂቃ ወጣ፤ ምክንያቱም አዲስ ነገር አልነበረም፣ በየጠዋቱ ከአፏ የሚወጣ ነገር ነበር።

ሁሉም ቻይናዊ ግን አንድ አይደለም። ቀላል ድምፅ የሚበዛው በሰሜን፣ በተለይም በቤይጂንግ አካባቢ ነው፤ ወደ ደቡብ በወረድን ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። ካንቶንኛ የሚናገሩ የጓንግዶንግ ልጆች ይህ የቤት ምሳሌ ብዙም አይረዳቸውም፤ እነርሱ ደግሞ በሌላ በኩል ይጠቀማሉ፣ ቀለምን በ«ፕ»፣ በ«ት» እና በ«ክ» መዝጋት ከቋንቋቸው ያውቃሉና።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥቤ፣ ወደ አንደበት ይወስደኛል። በማንዳሪን አንድ ቀለም ሊዘጋ የሚችለው በ«ን» ወይም በ«ንግ» ብቻ ነው፤ በቤይጂንግ አነጋገር «ር» ይጨመራል። እንግሊዝኛ «ኦቭ»፣ «አት»፣ «አንድ» ብሎ ሲዘጋ ተማሪው መዝጊያው ስለሚከብደው አናባቢ ይጨምራል፦ «ኦፉ»፣ «አተ»፣ «አንደ»። ውጤቱን ተመልከቱት፤ ማነስ የነበረበት ቃል አደገ። አንድ የሳሳ ቀለም የነበረው ሁለት ሙሉ ቀለም ሆኖ ከዋናው ቃል እኩል ቆመ። በቻይና የታወቁት ብዙ የቃላት መጽሐፎች የሚጀምሩት «መተው» የሚል ትርጉም ባለው «ኧባንደን» በሚለው ቃል ነው፤ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ግራና ቀኙ የሳሳ፣ መካከሉ ብቻ ጠንካራ የሆነ፣ ለትምህርታችን የተሠራ የሚመስል ቃል ነው። በየቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ጠዋት ጮኽ ብለው ሲያጠኑት የምሰማው ግን «አ፣ ባን፣ ዶን» ተብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ። የቋንቋ ተመራማሪዋ ጄኒፈር ጄንኪንስ በ2000 ባቀረቡት ሐሳብ፣ የእንግሊዝኛ ባለቤት ያልሆኑ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሳሱ መልኮች ለመግባባት አስፈላጊ አይደሉም ብለዋል። እውነት አላቸው። ከናንተ መካከል ከቻይናውያን ጋር የምትሠሩ ሁሉ ምስክር ናችሁ፤ ሙሉ ሙሉ አድርጎ የሚናገር ሰው ለእኛ ጆሮ ይቀላል። ስለዚህ አንድ ቻይናዊ «ቱ» አለ ብዬ ንግግሩን አላቋርጥም። ነገር ግን ተማሪው የሚናገረውን መምረጥ ይችላል፤ የሚሰማውን መምረጥ አይችልም። በዩኒቨርሲቲ የሚወስደው ብሔራዊ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ 4ኛ ደረጃ የሚባለው፣ ከጠቅላላው 710 ነጥብ 35 በመቶው ማዳመጥ ነው። ከፈተናውም በላይ በአውሮፕላን ማረፊያው፣ በስልኩ፣ በሐኪሙ ፊት የሚያናግረው ሰው «ፈር» ይላል እንጂ ለእርሱ ብሎ «ፎር» አይልም።

ከአንደበትም ቢሆን የማልተወው አንድ ቃል አለ። ከተማሪዎቼ አንዱ ለአንድ አሜሪካዊ እንግዳ መምህር በስልክ «ቅዳሜ መምጣት እችላለሁ» ለማለት «አይ ካን ከም» አለ፤ «ካን» የሚለውን ሙሉ አድርጎ፣ በሚወድቅ ዜማ ረግጦ። አሜሪካዊ አነጋገር «እችላለሁ» ሲል «ክን» ብሎ ያልፋል፤ ሙሉ አድርጎ የሚረግጠው «አልችልም» ሲል ነው፣ መጨረሻው ላይ ያለውን «ት» ደግሞ ይውጠዋል። መምህሩ የሰሙት «አልችልም» የሚለውን ነበር። ልጁ በብርድ አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ሳይመጡ ቀሩ። ትሕትና የተሞላ ልጅ ስለነበር አልጠየቃቸውም፤ «የናቁኝ መሰለኝ» ብሎ የነገረኝ ከወር በኋላ ነው። በአንዲት ራብዕና ሳድስ ልዩነት የተነሣ ሁለት ቅን ሰዎች አንድ ወር ተቀያየሙ። እባካችሁ፣ ይህችን አንዲት ቃል ግን አስተምሩ።

ከየት እንጀምር? ከጆሮ። እኔ በኋላ የያዝኩት አሠራር ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩን በተለመደው ፍጥነት እናገራለሁ፤ ተማሪዎቹ መጀመሪያ አይጽፉም፣ ስንት ቃል እንዳለ ብቻ ይቆጥራሉ። አንዱ አምስት፣ አንዱ ሰባት ይላል፤ ክርክሩ ራሱ ጆሮን ያነቃል። ከዚያ ቃል ሳንጠራ ምቱን «ዳ ደ ዳ ደ» እያልን እናዜማለን፤ የሰሜን ልጆች ከሆኑ ከቻይንኛቸው ተመሳሳይ ምት ያለው ቃል እንዲያመጡ እጠይቃቸዋለሁ። መጻፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀስ ብሎ ማንበብን ግን ጨርሶ ተውኩት።

ከአራት ወር በኋላ ያንኑ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳላስታውሳቸው ደግሜ ሰጠኋቸው፦ «ሺ መስተቭ ሌፍቲት ፈዘም ኧት ዚ ኦፊስ»። ያቺ ልጅ 9 ቃል ጻፈች። የጎደላት በ«ሌፍቲት» ጅራት ውስጥ የተደበቀው፣ ዕቃውን የሚያመለክተው ትንሹ ቃል ነበር። ወረቀቷን ስቀበላት ግን በ4ኛውና በ5ኛው ቃል መካከል ክፍት ቦታ ትታ ትንሽ መስመር አስምራበት አየሁ። ምንድን ነው ስላት «እዚህ ቦታ አንድ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም» አለችኝ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።